ያቃጠሉትን መልሶ ስለ መብላት፦ የሆድ ውሎ አበል አጭር ጥናት

ምሁራን ለረጅም ጊዜ ለቁርስ ቤት አስተናጋጆች ትተውት የኖሩት አንድ ጥያቄ አለ። ሰውዬው ቦርጩን ሊያጠፋ ቆርጦ በጠዋት ተነሣ፤ ሮጠ፤ 400 ካሎሪ አቃጠለ። አሁን ያንን 400 ካሎሪ መልሶ መብላት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም? ከበላው ለምን ሮጠ? ካልበላውስ፣ የቅቤው ሽታ ከመንገድ ማዶ እየጠራው፣ እዚያ ምን አቆመው? ይህ ጥናት ጥያቄውን ይዞ ከመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ተነሥቶ እስከ አንድ ስሙ የማይጠቀስ ቁርስ ቤት ድረስ ተጉዟል። ርቀቱ በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። ጥናቱ በተካሄደባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ የተሄደው በታክሲ ነው።

ናሙናው አራት ሰው ነው፦ አጥኚው (80 ኪሎ)፣ ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችና ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ የአጎት ልጅ። ናሙናው ያነሰው በበጀት እጥረት አይደለም፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ ከአራት ሰው በላይ ሲቀመጥ ክርን ከክርን ስለሚጋጭ ነው። መሣሪያዎቹ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ናቸው። ሚዛኑ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ሁለት ኪሎ ስለሚቀንስ ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ከግድግዳው አልተነሣም።

በቅድሚያ የሒሳቡን መደብ እናንጥፍ። በምግብ ስሌት አንድ ካሎሪ የሚባለው አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ሙቀት ነው። (ፊዚክስ የተማረ አንባቢ «እሱማ ኪሎ ካሎሪ ነው» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፤ ይቀመጥ።) የሚሮጥ ሰው ደግሞ በግምት ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ካሎሪ ያወጣል። አጥኚው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 400 ካሎሪ ወጪ አደረገ ማለት ነው። ነገር ግን ተኝቶ ቢያረፍድም በሰዓት 80 ገደማ ማውጣቱ አይቀርም ነበር። ሩጫው 40 ደቂቃ ስለፈጀ ከ400ው ላይ 50 ይነሣል፤ የተጣራው 350 ነው። ይህ መጠን 5 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ያደርሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላባት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በመሆኑም የአጥኚው የጠዋት ድካም በሙሉ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ ለማፍላት ሁለት ዲግሪ ይጎድለዋል።

ቁርስ ቤቱ ወደሚያቀርበው ጨጨብሳ እንለፍ። ለአንድ ሰሐን 100 ግራም ዱቄት ብንይዝ 350 ካሎሪ ገደማ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 240፣ አንድ ማንኪያ ማር 60፣ ሦስት ስኳር የገባበት ሻይ 50። ድምሩ 700። ሁለት ማንቆርቆሪያ ሊያፈላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ያልነው ደግሞ የቤቱን ባለቤት እጅ ለማያውቅ ሰው ነው።

ሰዓቱ በዚህ ሒሳብ አይስማማም። በዚያው ጠዋት ለዚያው ሩጫ 520 ካሎሪ መዝግቧል፤ የመዘገበውንም ርችት በሚመስል ብልጭታ አስደግፎ አቅርቧል። ተጠኚዎቹ ከሐኪም ቃል ይልቅ ይህን ብልጭታ ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን ፈትሸው ነበር። የልብ ምት ላይ ስድስቱ ደህና ሆነው ተገኙ። የተቃጠለ ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሲስት፣ የባሰው 93 በመቶ ስቷል። በዚህ መጠን የሚስት ገንዘብ ያዥ ቢሆን ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርብ ነበር።

ስለ ሰዓት ከተነሣ ዘንድ፦ የቀን 10,000 እርምጃ የሚባለው ሕግ ከሕክምና የመጣ አይደለም። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አንድ የጃፓን ድርጅት ለገበያ ያወጣው የእርምጃ መቁጠሪያ ስሙ «የ10,000 እርምጃ ሜትር» ነበር፤ ስሙ ሕግ ሆኖ ቀረ። በዚያው ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፏል። እርምጃውን የቆጠረለት መሣሪያ አልነበረም። መስመሩን ካለፈ በኋላም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ እንጂ ጨጨብሳ ፍለጋ አልወጣም።

አሁን የጥናቱ ዋና መላ ምት ላይ ደርሰናል። የአገራችን ሰው የስፖርት ካሎሪን የሚያስተናግደው እንደ ውሎ አበል ነው። ሩጫ የመስክ ሥራ ነው፤ ሆድ ደግሞ አበል ጠያቂ። ከመስክ የተመለሰ ሠራተኛ አበሉን ሳይወስድ ወደ ቤቱ እንደማይገባ ሁሉ፣ ሯጩም ቁርስ ቤቱን ሳያይ አይገባም። የሰዓቱ ብልጭታ ደረሰኝ ነው። የመስኩ ቀንም ይጨመራል፦ 40 ደቂቃ የሮጠው ሰው ቁርስ ላይ ሲያወራው አንድ ሰዓት ይሞላል። ከሁሉ የሚከፋው በቅድሚያ የሚወሰደው ነው። ዓርብ ማታ «ነገ እሮጠው የለ?» ተብሎ የተበላ ጥብስ በሒሳብ ቋንቋ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ይባላል። ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ አይወራረድም፤ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይዛወራል። የአጎቴ ልጅ እስካሁን ያልተወራረደ የፋሲካ ሒሳብ አለበት።

አበሉ ሁለት ጊዜ የሚከፈልበትም መንገድ አለ። ክብደት የሚቀንስ ሰው በቀን ስንት መብላት እንዳለበት በስልኩ ሲያሰላ «የእንቅስቃሴ መጠንዎ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሁሉም «መካከለኛ» ይላል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ «መካከለኛ» ይላል። ስልኩም አምኖት ሩጫውን ከወዲሁ በዕለቱ ድርሻ ውስጥ አስገብቶ ይሰጠዋል። ሰውዬው ሮጦ ሲመለስ ያንኑ ሩጫ እንደገና ያስከፍላል። አበል ደሞዝ ውስጥ ተጨምሮለት ሳለ ለብቻው ቅጽ የሚሞላ ሠራተኛ ቢያዝ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል።

ሰው ስለ ራሱ ሲመሰክር እንዴት እንደሚመሰክር እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ አንድ ጥናት አሳይቷል። «እየተራብን ነው፣ ግን አንቀንስም» ያሉ ሰዎች ሲለኩ፣ የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አግንነው ነበር የተናገሩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አጥኚዎቹ ይህን ያገኙት እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሰሐን በሚበላበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

የእኛ ጥናት ትልቁ ችግር የተነሣው ከዚሁ ነው። ትሪው አንድ ነው። ፍርፍሩ መጣ፣ ዱለቱ መጣ፣ አራት ቀኝ እጅ ገባ። ማን ስንት በላ? ድንበር የለም፤ ፊት ለፊት ያለው የራስ ነው ቢባልም የአጎቴ ልጅ ፊት በጣም ሰፊ ነው። አጥኚው ትሪውን በአራት አካፍሎ የራሱን ድርሻ ለመመዝገብ ሞክሮ ነበር፤ መዝግቦ ቀና ሲል የሚመዘገብ ነገር አልነበረም።

ጉርሻ ደግሞ ከነጭራሹ ከሒሳብ መዝገብ ውጭ ነው። የቤቱ ባለቤት ከጓዳ ወጥተው አጠገባችን ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ አትበላም?»

«እትዬ፣ በቃኝ። ካሎሪ እየቆጠርኩ ነው።»

«ቆጥረህ ስትጨርስ ትነግረኛለህ። በል አሁን ይቺን ጉረስ፤ በሞቴ!»

በሞታቸው ከተባለ በኋላ የትኛው የስነ ምግብ ባለሙያ መከራከሪያ ያቀርባል? አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለተኛው ተከተለ። የጎረሰ ያጎርሳልና ለእትዬ መለስኩላቸው፣ እሳቸው ለባልደረባዬ፣ ባልደረባዬ ለእኔ። አንድ ጉርሻ በትሪው ዙሪያ ስንት ካሎሪ ተሸክሞ እንደሚዞር የሚያሰላ ቀመር እስካሁን አልተጻፈም። አጥኚው ጀምሮት ነበር፤ እጁ ቅቤ ስለነካው ወረቀቱ አልያዘለትም።

በጾም ቀን ነገሩ ይቀላል ብለን ረቡዕ ሞከርን። አልቀለለም። የጾም ምግብ ሥጋና ቅቤ የለውም እንጂ ዘይት አለው፤ ዘይት ደግሞ በግራም 9 ካሎሪ ነው፣ ለቀኑ ክብር ብሎ አይቀንስም። ከሩጫ በኋላ ሁለት ሳምቡሳና አንድ ቦምቦሊኖ የበላው ባልደረባችን «ጾም ላይ ነኝ» ሲል ነፍሱን በሚመለከት ልክ ነበር።

«እሺ፣ መልሼ ባልበላውስ?» የሚል ጨካኝ አንባቢ ይኖራል። እሱንም ሰውነቱ አያምነውም። ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ ታንዛኒያ ውስጥ አድነውና ለቅመው የሚኖሩትን ሃድዛዎች ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው የሚንቀሳቀሱት እነዚህ ሰዎች የሰውነታቸው መጠን ታሳቢ ሲደረግ በቀን የሚያቃጥሉት ከምዕራባውያን ጋር ተመሳሳይ ሆኖ አግኝተውታል። ሰውነት አንድ ቦታ ያወጣውን ሌላ ቦታ ይቆጥባል ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ ይህን ጥናት አላነበበም፤ ግን ቅዳሜ ከሩጫ በኋላ ከሶፋ ሳይነሣ፣ ሪሞቱን እንኳ «አቀብሉኝ» እያለ ይውላል። ጠዋት ያወጣውን እስከ ማታ አስመልሶ ይተኛል።

ቀልዱ የማይሠራበት ቦታ አንድ አለ፤ እሱን ሳንጠቅስ ብናልፍ ነውር ነው። በእውነት የሚሠለጥን፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሮጥ ወጣት፣ በተለይ ሯጭ ልጃገረድ፣ ያቃጠለችውን መልሳ መብላት አለባት። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 በባለሙያዎች ባስጠናው ሰነድ እንዳስቀመጠው፣ ወጪዋን የማይተካ ምግብ የምትበላ ስፖርተኛ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷ ሊሳሳ፣ በሽታ የመከላከል አቅሟ ሊዳከም ይችላል። ለእሷ አበሉ ሙሉ ነው፣ ያለ ደረሰኝ ይከፈል። የእኛ ናሙና ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም።

የክብደት ለውጥን በተመለከተ፦ በጥናቱ ዘመን የቀነሰው አንድ ተጠኚ ብቻ ነው፤ እሱም ምግብ ሲቀርብ የፖለቲካ ትንታኔ የሚጀምረው ባልደረባችን ነው። ተንትኖ ሲጨርስ ትሪው ባዶ ይሆናል። በመቀነሱ ግን አልተደሰተም። መሥሪያ ቤት ሲገባ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» አሉት። እናቱ ጋ ሲሄድ ደግሞ «ከሳህብኝ!» ብለው መሐሉ ቅቤ የሞላ ገንፎ አቀረቡለት። አልጎርስም ቢል የት ይደርሳል? የአጎቴ ልጅ ባለበት ነው። የአጥኚው ውጤት ሚዛኑ ከግድግዳው ሲላቀቅ ይገለጻል።

ውሳኔው የሚከተለው ነው። የዕለት ድርሻዎን ሲያሰሉ «መካከለኛ እንቅስቃሴ» ያሉ ከሆነ አበሉ ተከፍሎዎታል፤ ይሂዱ። እንደ ተቀማጭ አስልተው ከሆነና ከሩጫው በኋላ ከራብዎ፣ ሰዓቱ ከነገረዎ ግማሹን ይብሉ፤ ግማሹ የሰዓቱ ስሕተት ማካካሻ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ በ350 ካሎሪ ሩጫ አንድ ኪሎ ለመጣል ምንም ሳይመልሱ 22 ጠዋት፣ ከ350ው ግማሹን ከመለሱ 44 ጠዋት ይፈጃል፤ ያውም ሰውነትዎ ሌላ ቦታ ካልቆጠበ። ያልተወራረደ ሒሳብ ያለበት አንባቢ ደረሰኙን ይዞ ይቅረብ። ቁርስ ቤቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ትሪው ላይ የአንድ ሰው ቦታ አለ፣ ተንታኙ ባልደረባችን ሰሞኑን ቀርቷል።