ከነፈረሷ ብትሸጥስ?

ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ሚሞሪ ይዞ ለመጣ፣ ዘፈን ጫኙ «የማንን ልሙላልህ?» ይላል እንጂ የማን ንብረት እንደሆነ አያነሳም። ጥላሁንም አስቴርም ባንድ ፎልደር ተጨናንቀው ይገባሉ። ምስኪን! የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ፣ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ቆርጦለታል። አሜሪካኖቹ እንኳ ኪስ ይሻላቸዋል፦ በ2012 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤት አንዲት የሚኒሶታ እናት በኢንተርኔት ላጋራቻቸው 24 ዘፈኖች 222,000 ዶላር ትክፈል አለ፤ ላንዱ 9,250 መሆኑ ነው። በዚህ ሂሳብ የኛው ልጅ ዕዳ ቢሰላ ዳንግላ ከነፈረሷ ተሸጣ አትወጣውም። ዘፋኙ መበደሉስ እውነት ነው። ብቻ ከሳሽ ጠበቃው ሲመጣ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የሚንቆረቆረው ዘፈን ከየት እንደተጫነ ሾፌሩን አይጠይቅ፤ በእግሩ ይገባል።