መድረሻህ የት ነው?

ተረት ተረት። የላም በረት።

በቁጥር መስመር ላይ፣ ከ0 ተነስታ ወደ ቀኝ የምትዘልቅ፣ መጨረሻ የሌላት አገር ነበረች። በዚያች አገር መንገደኛ ሁሉ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መዝገብ ቤት ቀርቦ «መድረሻህ የት ነው?» ይባላል። መልሱ አንድ ቁጥር መሆን አለበት። መዝገቡ ላይ የተሰመረችው ሣጥን ከአንድ ቁጥር በላይ አትይዝም።

መጀመሪያ አርክ ታንጀንት ቀረበ። «ወደ 90 ዲግሪ እጠጋለሁ» አለ። መቼም እንደማይደርስበት ግን ዋጥ አደረጋት፤ የጠየቀውም የለም። ማኅተም ተመታለት፣ ቤት ተሰጠው።

ቀጥሎ ታንጀንት መጣ፤ ሳይን ለኮሳይን ሲካፈል የተወለደው ልጅ። እናቱ 0 በሆነች ቁጥር መሬት ይከዳዋል፤ ወደ ሰማይ ተተኩሶ ይጠፋና ሲፈልጉት ከጥልቁ ሥር ብቅ ይላል። በየ180 ዲግሪው እንዲሁ ነው። ጸሐፊው «እብድ» ብሎ ጻፈና ፋይሉን ዘጋ። እብድ የተባለ ሰው ፋይል መቼም ቶሎ ይዘጋል።

ከዚያ አባትየው ሳይን ተራው ደረሰ።

«ጌታዬ፣ ከ1 በላይ አልወጣም፣ ከ-1 በታች አልወርድም። በ360 ዲግሪ አንድ ዙር እጨርሳለሁ፤ ሩቅ ብሄድም ያው ነኝ።»

«ጠባይህን መች ጠየቅሁህ? መድረሻህን ነው።»

«መድረሻ የለኝም።»

«መድረሻ የሌለው ሰው የለም!»

አዋቂ ተጠራ። አዋቂው የሳይንን ውጣ ውረድ ደመረ፣ ለረዥሙ መንገድ አካፈለ፣ አማካዩን አገኘ። «0 ብለህ ጻፍ» አለው ጸሐፊውን።

ሳይን ሳቀ። «በ0 አልፋለሁ እንጂ አልቀመጥም። እንዲያውም ከሁሉ ቦታ የምፈጥነው እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ፋታ የማገኘው ጫፎቹ ላይ፣ 1ና -1 ላይ፣ ልመለስ ስል ነው።»

እውነቱን ነበር። ግን አማካይ የያዘ ሰው እውነት አይሰማም።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መላ አመጡ፦ «በየእርምጃው አንድ ድንጋይ ጨምሩበት፤ መወዛወዙ ለሸክሙ ይካፈል።» ተጫነ። በ10ኛው እርምጃ መወዛወዙ ከአንድ አሥረኛ አልበለጠም። በ1000ኛው ከአንድ ሺህኛ። ከዚያ በኋላ ከሩቅ ላየው ሰው ቀጥ ያለ መስመር መሰለ። አገሬው እልል አለ። «አደበ! ሰው ሆነ!» ተባለ። እናቶች ለልጆቻቸው «እንደ ሳይን ረጋ በል» ማለት ጀመሩ።

ባለቤቱ ኮሳይን፣ ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ ቀድማው የምትሄደው፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ጀርባው ላይ እጇን አሳረፈች። ከድንጋዩ ሥር ይንቀጠቀጣል። 0ን የሚያቋርጠው እንደ ድሮው በየ180 ዲግሪው ነው፤ አንድም ቦታ አልዘለለም። ድንጋዩ ቢወርድለት በዚያችው ቅጽበት እስከ 1 ድረስ እንደሚነሳ በመዳፏ አወቀች።

ሄዳ ለጸሐፊው ነገረችው። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ አሳያት፦ «ሳይን። መድረሻ፦ 0። ጠባይ፦ ጨዋ።» ማኅተሙ ደርቋል።

«አንቺስ?» አላት፣ ቀና ሳይል። «መድረሻሽ የት ነው?»

ድንጋዩ በሩ ላይ ተከምሮ ነበር።