በመጨረሻ የተጠረጠረችው

የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ጎረቤቶቹን በስም ብቻ ሳይሆን በጉልበታቸውም ያውቃቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚገፉለት እነሱ ናቸው። በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ትውውቁ ይጠብቃል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ናፍጣ ሞተር ግን ያለ አየር ምንም ነው። ብልጭታ የሚያመነጭ ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፣ በዚያ ላይ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የዚህ ሞተር ፈልሳፊ ሩዶልፍ ዲዝል እንኳን ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1893 ካገኘ በኋላ ደህና የሚሠራ ሞተር ለማሳየት እስከ 1897 ጠብቋል። ሩብ ሰዓት ሙሉ ቁልፍ ሲያዞር የሚያረፍድ ሾፌር ታዲያ ምን ያስቸኩለዋል?

ኮተቤ አካባቢ የሚኖር አንድ ባለ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ይህን መጽናኛ አልሰማም። መኪናዋ ማታ ጤነኛ ሆና ትገባለች። ጠዋት አንዴ ትነሳለች፣ ሁለት ሦስቴ ትስላለች፣ ከዚያ ጸጥ።

ወዲያው የሰፈር ሸንጎ ተሰየመ። የመጀመሪያው አዋቂ በባትሪው ላይ ፈረደ፤ አዲስ ባትሪ ተገዛ፣ ሳሉ ግን አልቀረም። ሁለተኛው የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ከሰሰ፤ ተቀየሩ። ሦስተኛው ሞተሪኖውን አስፈታ። አራተኛው፣ በዕድሜው መኪና ኖሮት የማያውቀው፣ «ሽጣት» አለ። አምስተኛው ናፍጣ እየፈሰሰ ነው ብሎ፣ የሚያፈስ ሰልባትዮ በሚደፈንበት ሳሙና እጁን ሞልቶ መጣ። ሌሊቱን ከመኪናዋ ሥር የተነጠፈው ካርቶን ግን ደረቅ ሆኖ አደረ። ሳሙናው የሚለጠፍበት አጥቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በመጨረሻ አንድ አንጋፋ መካኒክ ተጠራ። ኮፈኑን አስከፈተና የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ጥቁር ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጫናት።

«ማታ ስታቆማት ትጠነክራለች?»

«ምኗ?»

«ይቺ ናታ!»

«እሷንማ ነክቻት አላውቅም ጋሼ።»

ያቺ ቁልፍ የእጅ ፖምፓ ናት። ፊልትሮ ሲቀየር ወይም ናፍጣ ሲያልቅ መስመሩ አየር ይገባዋል፤ እሷን ደጋግሞ በመጫን ናፍጣው ከሰልባትዮ ተስቦ ይሞላል። ውስጧ ያለው ላስቲክ በዕድሜ ሲሰነጠቅ ጣጣው ይጀምራል። በእነዚህ አሮጌ የቶዮታ ሞተሮች ናፍጣውን ከሰልባትዮ የሚስበው የኢንጀክሽን ፓምፑ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ መስመሩ ይመጠጣል እንጂ አይገፋም። የተሰነጠቀው ላስቲክ ናፍጣ ወደ ውጭ በመጣል ፈንታ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በተበሳ ቀሰም ጠላ እንደ መጠጣት ነው። ሌሊት ሞተሩ ሲያርፍ ደግሞ ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል። ካርቶኑ የደረቀው ለዚህ ነበር። ኖዝል ለመክፈት ከ100 ባር በላይ ግፊት ያስፈልጋል፤ አየር ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ኖዝል አይከፍትም።

በዚህ ረገድ አሮጌዎቹ የናፍጣ መርሴዲሶች የተሻለ ግልጽነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተሠሩት ላይ ያለችው የእጅ ፖምፓ መጀመሪያ በጣት ትፈታለች፣ ትነፋለች፣ ተመልሳ ትታሰራለች፤ ስታረጅ ብዙ ጊዜ በአደባባይ ታንጠባጥባለች። በኋላ በስፕሪንግ የምትመለስ ሌላ ወጥታ እሷን ተክታለች።

መካኒኩ በፊልትሮውና በኢንጀክሽን ፓምፑ መካከል ቁራጭ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ አስገባ። ሞተሩ ሲነሳ አረፋው በቱቦው ውስጥ ተሰልፎ አለፈ፤ ሸንጎው ሁሉ አየ። ባለ ሳሙናው «ብያችሁ ነበር» አለ።

ቀጥሎ አዲስ ፖምፓ ፍለጋ ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ ሶማሌ ተራ። ሻጩ «ኦሪጅናል ናት» ሲል በእናቱ ማለ፤ ዋስትናዋን ሲጠየቅ ግን እናቱን አላነሳም። ያገለገለችም በርካሽ ቀረበች። መካኒኩ እምቢ አለ፤ ሌላ መኪና ላይ ያረጀ ላስቲክ መግዛት የሌላ ሰው ጠዋት መግዛት ነው አለ።

ሥራው ራሱ ሰዓት አልሞላም። ሁለት ቱቦ ተነቀለ፣ የውኃ ጠቋሚው ሽቦ ተላቀቀ፣ ሁለት ብሎን ተፈታ፤ አሮጌዋ ከነፊልትሮ አናቷ ወረደች። አዲሱ ፊልትሮ ንጹሕ ናፍጣ ተሞላ፤ የላስቲክ ቀለበቱ ናፍጣ ተቀብቶ በእጅ ብቻ ጠበቀ። የቱቦ ማሰሪያዎቹም አብረው ተቀየሩ፤ ከዚያ የገባ አየር ፖምፓዋን በሐሰት ያስከስሳታል። ማስቲሽ የያዘ ሰው ቀርቦ ነበር፤ መካኒኩ ገፍቶ መለሰው፤ ናፍጣ የፈታው ማስቲሽ ተነቅሎ መስመር ይደፍናል። ቁልፏ ጠንክራ አልጫን እስክትል ተነፋች። ሞተሩ አሁንም ሲያንገራግር የኖዝሎቹ ቱቦ ጫፎች ላላ ተደረጉ፣ አየሩ ተፋ ተፋ ብሎ ወጣ፣ ጠበቁ፣ ተነሳ።

እናንተም ናፍጣ መኪናችሁ ጠዋት ከሳለች፣ ባትሪ ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ኮፈን ክፈቱ። ማታ ጠንክራ የነበረች ቁልፍ ጠዋት ላልታ ከሰመጠች መስመሩ አየር እያስገባ ነው፤ ቱቦዎቹን ፈትሹ፣ ከዚያ እሷን ቀይሩ። ባትሪው ይቆይ።