የሌሊት ፈታኞች

በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ፣ ቴምፕል ሰፈር፣ ቡና ላይ የሥራ ወሬ ከተነሣ ቢሮ የሚሠራ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት አለ። አዲሱ ሲስተም ሰኞ ሊጀምር ዓርብ ከሰዓት ተጠቃሚው እንዲፈትነው ይጠራል፤ ብስኩት ይቀርብለታል፤ «ተስማምቶኛል» ብሎ ይፈርማል። ስሕተት ካገኘ «በሁለተኛው ምዕራፍ ይስተካከላል» ይባላል። ሁለተኛውን ምዕራፍ በዓይኑ ያየ ካለ ይምጣና ቡና ይጠጣ።

የካናዳ መንግሥት ብስኩቱንም ቆጥቧል። ፊኒክስ ከተባለው የደመወዝ ሲስተም ከ100 በላይ ተግባራትን ቀንሶ ወይም አዘግይቶ፣ የሙከራ ትግበራውንም ሰርዞ፣ በፈረንጆቹ 2016 ሥራ አስጀመረው። ሠራተኛው ደመወዙ ሲቀርም፣ ሲጎድልም፣ ሲተርፍም ፈተነው።

በእኛው 2016 (መገጣጠሙ የእኔ ጥፋት አይደለም) የተደረገው ግን ይበልጣል። መጋቢት 6 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ከቀሪ ሒሳብ በላይ መክፈል ሲጀምር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመኝታቸው ተነሥተው ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። እንዲህ ያለ ፈተና ከየትኛው አማካሪ ድርጅት ይገዛል? የሌለ ገንዘብ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ሞከሩ። ይቻላል። ደግመው ሞከሩ። አሁንም ይቻላል። ጓደኛ ቀስቅሰው፣ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወጣ ሲስተሙ ይችለው እንደሆነ አረጋገጡ። ባንኩ የወጣውን ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ብሎታል። የሌሊት አበል ይታሰብላቸዋል ስንል «መልሱ» ተባሉ፤ ያልመለሱትም ስማቸው ከነፎቶአቸው ተለጠፈ።