ጎማ ያለው ቤት

እ.ኤ.አ. በ2011 ፎስተር ሀንቲንግተን የተባለ አሜሪካዊ የኒውዮርክ የዲዛይን ሥራውን ጥሎ ፎልክስዋገን ቫን ውስጥ መኖር ጀመረ። ፎቶውን «ቫንላይፍ» ብሎ ኢንስታግራም ላይ ቢለጥፍ ጊዜ፣ ስንቱ ቢሮ ያንገሸገሸው ሁሉ ተከተለው። ዛሬ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ከመኪና የሚሠራው ብዙ ነው። በፎቶው የኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ባሕሩ ይታያል፤ አልጋው ሥር የተሸጎጠችው የሽንት ጀሪካን ግን አትታይም። ስብሰባው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀር ደግሞ ነፃው ሰው ስልኩን ሽቅብ ዘርግቶ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ይወጣል።

የእኛ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስንት ዘመኑ፣ ጋቢና ውስጥ ሲያድር! ረዳቱ ከተሳቢው ሥር ሽሮ ይጥዳል። ፎቶ የሚያነሳው ግን የለም፤ ሚስቱም በስልክ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መቼ ነው ቤትህ የምትገባው?»