የአቶ ሁለተኛ ማርሽ የሕይወት ታሪክ

ውድ ለቅሶ ደራሾች፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የጉራራና የቀበና ጎረቤቶች፣ ከኮተቤና ከመገናኛ ታክሲ እየቀያየራችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፦

አቶ ሁለተኛ ማርሽ ከአባታቸው ከአቶ ካምቢዮ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ቮልስዋገን በጀርመን አገር ተወለዱ። ከአራት ወንድማማቾች የአንደኛ ተከታይ፣ የሦስተኛ ታላቅ ነበሩ፤ ዘንጉን ወደ ታች ካልተጫኑት አልገባም የሚለውን አኩራፊውን የኋላ ማርሽ ሳንቆጥር ማለት ነው። ቤተ ዘመዳቸው ሰፊ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ከእነዚህ አንዷ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት አሳፍራ ወስዳ ታሪክ ውስጥ ገብታለች። ሟች ግን ፖለቲካ ነክቷቸው አያውቅም። የእሳቸው ሥራ ዳገት ነበር።

ዳገቱን ታውቁታላችሁ። ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ ሰው ደብተር የያዘ ተማሪ ይቀድመዋል፤ ሦስተኛ ላስገባ ያለ ደግሞ ሞተሩ ተንተፋትፎ ይጠፋበታል። በዚያ ላይ እንጦጦ አናት ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ጥሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የአራቱ ወንድማማቾች ሥራ በአንዱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነጠላ የለበሱ አክስቶች እላይ በላይ ተደራርበው ሲሳፈሩ አቶ ሁለተኛ እህ ሳይሉ አድርሰዋል። ሲመለሱም ፍሬኑ እንዳይግል ቁልቁለቱን ይዘው ያወረዱት እሳቸው ናቸው።

ሕመማቸው የጀመረው በመንጋጨት ነው። መጀመሪያ ያያቸው መካኒክ በሩን እንኳ ሳይከፍት «ጋሼ፣ ካምቢዮ ይውረድ» አለ። ቮልስ ላይ ካምቢዮ ለማውረድ ቀድሞ ሞተር እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው ይህ አባባል ምን ያህል ብር እንደሚመዝን ይገባዋል። ደግነቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። «እስቲ ሞተሩን አጥፋና አስገባው» አሉ። ምንም ሳይጮህ ገባ። «አሁን አስነሳና አስገባው።» ተንጋጨ። «እንግዲህ ፍሪሲዮኑ አይለቅም ማለት ነው፤ ማርሹን ለምን ትከሱታላችሁ?» ብለው ፔዳሉን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት። አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ መላላት የነበረበት ፔዳል ወለሉ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በግራው የኋላ ጎማ በኩል ተንፏቀው ገቡና የፍሪሲዮን ካቦውን ባለ ክንፍ ዳዶ አጠበቁት። ሟች ያን ክረምት ሙሉ ደህና ሰነበቱ።

ቀጥሎ የማርሹ ዘንግ እንደ ወጥ ማማሰያ በየአቅጣጫው ይዞር ጀመር። ሁለተኛ ይሁን አራተኛ፣ ባለ መኪናው ራሳቸው ማወቅ ተሳናቸው። ለዚህም የታሙት ሟች ነበሩ። ሽማግሌው የኋላውን ወንበር ነቅለው፣ ወለሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈትተው እጃቸውን ሰደዱ። ከፊት የሚመጣውን ዘንግ ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ጎማ በጣታቸው መሐል ተፈርፍሮ ወጣ። ያ ሁሉ ሐሜት በዚህች ቁራጭ ጎማ ምክንያት ነበር። እስቲ ይህን ያህል ዘመን ያገለገለን ሰው እንዲህ ስሙን ማጥፋት ይገባል?

የገደላቸው ሕመም ግን የራሳቸው ነበር። ከኪዳነ ምሕረት ሲወርዱ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሳ ማርሹ ራሱን ችሎ ዘሎ ይወጣል፤ መኪናዋም በዜሮ ማርሽ ቁልቁል ትንደረደራለች። ከዚያ ወዲህ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ዘንጉን ወደ ኋላ ጎትቶ መያዝ ግዴታው ሆነ። አንዲት እንግዳ ሴት እስከ ፈረንሳይ ድረስ በሁለት እጇ እንደያዘችው ወርዳለች፤ ዛሬም እዚህ ድንኳን ውስጥ አለች፤ ከሁላችንም አብልጣ ታለቅሳለች። የካምቢዮው መቀመጫ ጎማ ታየ፣ አልተሰነጠቀም። ዘይቱ ታየ፣ ሙሉ ነው። በመጨረሻ ሞተሩ ወርዶ ካምቢዮው ሲከፈት፣ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ተበልቶ፣ የሚያያዙት ጥርሶች ጠርዛቸው ዶልዱሞ ተገኘ። ሲወጡ በአንድ ፊት፣ ሲወርዱ በሌላው ፊት ሲፋጩ ኖረው ነው ያለቁት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እድሩ ገንዘብ አልከፍልም ብሏል፤ ምዝገባው በቮልሷ ስም ነው፣ እሷ ደግሞ በሕይወት አለች ይላል። ወራሽን በተመለከተ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የምትጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳትገባ ተከልክሏል። አሁን ዳገቱን ሽው ብለው የሚያልፉን የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደግሞ የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም። ስለ ሟች ብንነግራቸውም አይገባቸውም። ሳያጉረመርም ዳገት የሚወጣ ፍጡር፣ እኔ በበኩሌ፣ አላምነውም።

አስከሬኑ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ነገ ጠዋት ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይሸኛል። ገዢው ነጋዴ ትናንት ደውሎ «ካምቢዮው ይሠራል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሐዘንተኛው ባለ መኪና እንባቸውን ጠረግ አድርገው «አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው አንደኛ ናቸው» ብለው መለሱለት።