አርባ አራት ቀንስ

ቅዳሜ ከሰዓት አጎትየው ያዋሰውን ላፕቶፕ የእህቱ ልጅ ታቅፎት መጣ። «ጋሼ፣ የማይንክራፍት ጌም ሰርቨሩ እምቢ አለኝ።»

አጎትየው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከዓመታት በፊት የአንዲት ዘመድ ፕሪንተር ነክሶ የያዘውን ወረቀት ስላላቀቀ፣ በቤተሰቡ ዘንድ የኮምፒውተር ሊቅ ሆኖ ቀርቷል። ሊቁም እንደ ወጉ መጀመሪያ አጥፍቶ አበራው። ቀጥሎ ሰርቨሩን አጥፍቶ እንደገና አወረደ። ከዚያ አንቲቫይረሱን ጠረጠረ። ጥቁሩ መስኮት ግን ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ የሚለው ነገር አለ፣ ማን ደርሶ ያንብበው? በመጨረሻ ልጁ በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ ብልጭታዋ ላይ አቆማት።

ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ይህ ፋይል የተሠራው ለአዲስ ጃቫ ነው፣ ቁጥሩ 61.0፤ እዚህ ያለው ጃቫ ግን የሚያውቀው እስከ 52.0 ነው።

«52 ደግሞ ምንድን ነው?» አጎትየው ሰርቨሩን የሚያስኬደው ጃቫ ላፕቶፑ ላይ የትኛው እንደሆነ ቢጠይቅ «1.8.0» የሚል መልስ አገኘ። ሰው ሁሉ የሚጠራው ደግሞ ጃቫ 8 እያለ ነው። እንደኛው አገር ሰው መሆኑ ነው፦ የቤት ስሙ 8፣ የመዝገብ ስሙ 1.8፣ የክርስትና ስሙ 52።

ምስጢሩ ፋይሉ ራስ ላይ ነው። ተተርጉሞ የተዘጋጀ የጃቫ ፋይል ሁሉ በአራት ባይት ሰላምታ ይጀምራል፤ በአሥራ ስድስትዮሽ ፊደል ሲነበብ «ካፌ ቤብ» ይላል። በቡና ስም ለተጠራ ቋንቋ ያንስበታል እንዴ! (ያውም ቡናው ከኛ ተነሥቶ በየመን በኩል ጃቫ ደሴት የደረሰ።) ከሰላምታው ቀጥሎ የቨርዥኑ ቁጥር ይመጣል። ጃቫ ከፍ ያለ ቁጥር ካየ አንዲት መስመር እንኳ ሳያስኬድ በሩን ይዘጋል። አዲሱ የአሮጌውን ፋይል ያነባል፤ አሮጌው ግን አያት የልጅ ልጇን የአራዳ ቋንቋ እንደምትሰማው ነው። ቁጥሩ በ45 ጀምሮ በየቨርዥኑ አንድ አንድ ሲጨምር ስለመጣ፣ ከ52 ላይ 44 ሲነሣ 8፣ ከ61 ላይ 17 ይቀራል። ከፈረንጅ ዘመን ላይ 7 ወይም 8 ሲቀንስ ላደገ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። ማይንክራፍትም በ2021 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በወጣው 1.18 ላይ ጃቫ 17ን ግዴታ አድርጓል።

ጃቫ 17 ወረደ፣ ተጫነ። ስህተቱ ግን ያው ነው! ላፕቶፑ ፕሮግራም የሚፈልግበት «ፓዝ» የሚባል የአድራሻ ዝርዝር አለው፤ ከፊት ጀምሮ ይሄድና መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ወረፋውን የያዘው አሮጌው ነበር። አጎትየው ተናደደና «ሁለት ጃቫ ለአንድ ላፕቶፕ ምን ይሠራል?» ብሎ አሮጌውን ከሥሩ ነቀለው። ሰርቨሩ ተነሣ፣ ልጁ ጨፈረ፣ ሊቁ ምሳ ተጨመረለት።

ሰኞ ጠዋት ግን ሊቁ በዚያው ላፕቶፕ ላይ የዕለት እንጀራው የሆነውን የሒሳብ ፕሮግራም ቢከፍት፣ እሱም በተራው እምቢ አለ። ለካ አዲሱ የአሮጌውን ያነባል የተባለውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም! ፕሮግራሙ ኤክስኤምኤል የተባለውን የፋይል ዓይነት የሚያነብበት «ጃክስቢ» የሚባል ዕቃ ከጃቫ 8 ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ጃቫ 11 ግን ተነሥቷል። «አንዴ ጻፈው፣ የትም ይሠራል» የጃቫ የድሮ መፈክር ነው። መቼ እንደሚሠራ ግን መፈክሩ አላነሣም።

ስለዚህ ጃቫ 8 በይቅርታ ተመለሰ። አሁን ሁለቱ በየፎልደራቸው ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ማስነሻ ፋይልም የራሱን ጃቫ ሙሉ አድራሻ ጠርቶ ይነሣል እንጂ በወረፋ አይተማመንም።

ልጁ ሰሞኑን ሰርቨሩን ወደ 1.20.5 ሲያሳድግ ያች መስኮት እንደገና ብልጭ አለች። አጎትየው አቦሉን ይዞ በስልኩ የቆመችውን ምስል አየ፤ 65 ትላለች።

«ሃያ አንድ» አለና ፉት አደረገ። «አሮጌዎቹን ደግሞ እንዳትነካ!»